ዘጠኝ የጀግንነት ነጥብ

ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ኋላ ሰምታችሁ ከምታፍሩብኝ አሁኑኑ እፈሩብኝ። እንዳንዳንዱ ሰው እባብ ወይ ገደል እየመረጥኩ የምፈራ እንዳይመስላችሁ። እኔ ሳልመርጥ ነው የምፈራው። ውሻ እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ እፈራለሁ፣ የማውቀው ሲደውል ደግሞ "ምን ሆኖ ይሆን?" ብዬ እፈራለሁ። የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። አራሚ ነኝ፤ የሰው ስህተት ለቅሜ ነው የምበላው። አለቃዬ ከኋላዬ ባሳለ ቁጥር እስክሪብቶዬ ከእጄ ይወድቃል።

ይሄው ፈሪ ሰውዬ፣ እኔው ማለት ነው፣ ታዲያ በስልኩ ውስጥ ጀግና ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤት አራት ሆነን በምሳ ሰዓት የምንጫወተው ጨዋታ አለ። አንዱ ተራኪ ይሆንና "ዋሻ ደርሳችኋል፣ በሩ ላይ ዘንዶ ተኝቷል፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። እኛ እያንዳንዳችን የፈጠርነውን ሰው ሆነን እንመልሳለን። አንዱ "ቀስ ብዬ በጎን አልፋለሁ" ይላል፣ አንዷ "ዘንዶውን በጨዋ ደንብ አነጋግረዋለሁ" ትላለች። እኔ ምን ጊዜም መልሴ አንድ ነው፤ "በሰይፍ እለዋለሁ!" መሳካት አለመሳካቱን የሚወስነው ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ነው። ይሄን ዳይስ ፍለጋ አንድ ቅዳሜ ሙሉ መርካቶን አካለልን። ሉዶ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ጠየቅነው፤ ከላይ እስከ ታች አየንና "ባለ ስድስቱ ምን አጠፋ?" ብሎ ፊቱን አዞረብን።

በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ ቦት አገኘ። ቦት ማለት ቻት ግሩፕ ውስጥ እንደ ሰው የሚገባ፣ ግን ሰው ያልሆነ፣ "ጣል" ሲሉት ዳይስ ጥሎ ቁጥሩን የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። ሰላምታ የለው፣ ሐሜት የለው፣ ከአንድ እስከ ሃያ አንዱን ቁጥር ጽፎ ዝም ነው። የእያንዳንዳችንን ስም መዝግቦ ይይዛል፤ በጨዋታው ያገኘነው ተጨማሪ ነጥብ ካለም ራሱ ይደምርልናል። እኔ በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ዘንዶና ቁጥሩን የማላስታውሰው ሽፍታ ገድዬ ዘጠኝ የጀግንነት ነጥብ ነበረኝ። በስሜ ዳይስ በተጣለ ቁጥር ዘጠኝ ይጨመርልኛል ማለት ነው። ይቺን ዘጠኝ ያዙልኝ፤ ጉዴ ያለው እሷ ላይ ነው።

የምኖረው ቡራዩ፣ ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ተከራይቼ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ሰባን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ግቢው ድሮ የጤፍ ማሳቸው ነበር፤ አሁን የቀረቻቸው ከቤቶቹ ጀርባ ያለችው የጎመን መደብ ብቻ ናት። ተከራዮቹ አራት ቤት ነን። ጉሊት ላይ አትክልት የምትሸጠው የሺ ከሁለት ትንንሽ ልጆቿ ጋር ከጎኔ ናት። ከየሺ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ሙህዲን አለ። በሩ አጠገብ ያለችው ሌሊሴ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗን የምትጠብቅ፣ ባሏ አይሱዙ የሚነዳ።

ያ ሰሞን የማስተር ፕላኑ ሰሞን ነው፤ አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ማሳ ልትሰፋ ነው ተብሎ ተቃውሞ የተነሳበት። መጀመሪያ ሱሉልታ መንገድ ተዘጋ ተባለ። ካርታ አውጥቼ ከሱሉልታ እስከ ቡራዩ ያለውን በጣቴ ለካሁና ትንሽ ተነፈስኩ። ቀጥሎ ሰበታ ተባለ፤ እሱንም ለካሁ። አንድ ጠዋት ግን መለካት አላስፈለገኝም፤ የጎማው ጭስ በመስኮቴ ገባ። ታክሲ ቆመ፣ ሥራ ቀረ፣ ሱቆቹ በግማሽ በር መሸጥ ጀመሩ። የሌሊሴ ባል ጭነት ይዞ ሄዶ ጫንጮ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ።

ኦቦ ቶሎሳ ማተሚያ ቤት መሥራቴን ያውቃሉና ያን ቀን በሬን አንኳኩ። "ልጄ፣ ያ የፕላኑ ካርታ እናንተ ጋ ነው እንዴ የታተመው?" አሉኝ።

"ኧረ በፈጠረዎት! ምን በወጣኝ ኦቦ!" ብዬ ወደ አጥሩ ዞር ዞር አልኩ፣ ሰው ሰምቶ እንደሆነ።

"አይ፣ ካየኸው ብዬ ነው። ጎመናችን ከመስመሩ ውስጥ ናት ወይስ ውጭ?"

ካርታውንም አላየሁት አልኳቸው። እኔ የምፈራው ለቆዳዬ ነው፤ እሳቸው የሚፈሩት አባታቸው ለተቀበሩበት አፈር ነው። ልዩነቱ ገባኝ፣ ግን የኔው ፍርሃት አልቀነሰልኝም።

በማግሥቱ ዳቦ አለቀ፣ የቧንቧውም ውኃ ጠፋ። ዳቦ ቤቱም የሰፈሩ ቦኖም ያሉት ከአስፋልቱ ወዲህ ነው፤ መንገዱ ግን አስፋልቱን ታኮ ነው የሚሄደው፤ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ድንጋዩም ጎማውም ተኩሱም አለ። በቀን አንድ ሰው ወጥቶ ለሁሉም ይዞ ይግባ ተባለ። ማን ይውጣ?

በኛ ግቢ ከባድ ነገር የሚለየው በዕጣ ነው። የልብስ ማስጫው ገመድ ተራ በዕጣ ነው፣ ሽንት ቤት የማጠቡም ተራ በዕጣ ነው። ወረቀት ይታጠፍና በሙህዲን ኮፍያ ውስጥ ይገባል። የሺ ግን ያን ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "በወረቀት አይሆንም! የሙህዲን ጣት የሰፊ ጣት ነው፤ እጥፉን በዳሰሳ ለይቶ ነው የሚያነሳው። ሽንት ቤት አንድ ቀን አጥቦ ያውቃል?" አለች።

"ወላሂ የሺ፣ ነውር ነው!" አለ ሙህዲን፣ ጣቶቹን እያየ።

ምን አቀበጠኝ? "ጣት የሌለው ዕጣ አውጪ አለኝ" አልኩና ስልኬን አወጣሁ። ቦቱን አስረዳኋቸው። አዲስ ግሩፕ ከፍቼ አስገባሁት፣ የሦስቱንም ስም መዘገብኩ፤ የኔን ከድሮም ያውቀዋል። ሌሊሴ በሁኔታዋ ምክንያት ቀረች። ኦቦ ቶሎሳንም "እርስዎ ይቅሩ" ብለናቸው ነበር፣ "ግቢው የማን ነው? ዳቦውን ስበላ ዕጣውን የማልገባው ምን ሆኜ ነው?" ብለው ተቆጡ። ዝቅተኛ ቁጥር የወጣለት ይወጣል፣ አልን።

ጣልኩ። ሙህዲን አሥራ አራት። ኦቦ ቶሎሳ አሥራ ሁለት። የሺ ስድስት። እኔ፦ ሁለት፣ ሲደመር ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ።

ዘንዶዎቹ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። በፈጠራችሁ እመኑኝ፣ አስቤ አልነበረም! ግን ኦቦ ቶሎሳ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "ይሄ ሲደመር ዘጠኝ የሚለው ምንድን ነው?" ሲሉ አፌ እኔን ሳይጠይቀኝ መለሰ።

"ኔትወርክ ነው።"

"አሃ፣ ኔትወርክ" አሉ ሁሉም፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ስልክ ሲቋረጥ ኔትወርክ ነው፣ ባንክ ሰልፉ ሲቆም ኔትወርክ ነው፣ ሰው ቀጠሮ ሲቀር ኔትወርክ ነው። ከዚህ ቃል በኋላ ጥያቄ የጠየቀ ሰው እስከዛሬ አላየሁም።

የሺ ልጆቿን ሌሊሴ ቤት አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጀሪካኑንና ዘንቢሉን ይዛ ወጣች። ትልቁ ልጇ በሩ ሥር ባለው ክፍተት ተኝቶ እግሯን ሲያይ ቀረ። እኔ ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ከሩቅ ጧ! ሲል አልጋዬ ሥር ገብቼ ራሴን አገኘሁት፤ መቼ እንደገባሁ አላውቅም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዳቦውን ይዛ ስትገባ ከልጆቿ ቀድሜ ሮጬ ያቀፍኳት እኔ ነኝ። "ምን ሆንክ አንተ? እኔ ነኝ የወጣሁት" አለችኝ እየሳቀች። ቀሚሷ ጫፉ ድረስ አቧራ ነበር፤ ለካ አንድ ቦታ በደረቷ ተኝታ ነው ያሳለፈችው።

ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ መጣ። እኔ፦ አራት፣ ሲደመር ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስት። የሺ አምስት። አሁንም የሺ ወጣች። ዘጠኝ ባትኖር ሁለቱንም ቀን ወጪው እኔ ነበርኩ። በጀግንነት ያገኘሁት ነጥብ ቤት አስቀመጠኝ! እስቲ ይሄ ለማን ይነገራል?

በሦስተኛው ቀን ይባስ ብሎ አሥራ አምስት ወጣልኝና ሃያ አራት ሆነ። ሙህዲን ስልኩን ከእጄ ወሰደ። "ሃያ ፊት ያለው ነገር ሃያ አራት እንዴት ያወጣል?"

"ኔትወርክ" አልኩ፣ አሁንማ ሳላፍር።

"አይ፣ ይሄ ልጅ ዕድለኛ ነው" አለ። የሺ ሦስት ወጥቶላት እንደገና ጀሪካኑን አነሳች። ያን ቀን እንኳ ዕጣው እውነትም የሷ ነበር፤ ግን ለማን ብዬ ልከራከር? እሷ ራሷ በር ላይ ዞር ብላ "እስቲ ዕድልህን አጋባብኝ" ብላ መዳፌን በመዳፏ መታ አደረገች። እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ለካ እሷም ትፈራለች! እንደኔ ስለማትለፈልፍ የማትፈራ መስሎኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሌሊሴ ጮኸች።

ምጥ ነው። ቀኑ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል ብላን ነበር፣ ሕፃኑን ማን ያስረዳው? የሺ ገብታ አይታ ወጣችና ፊቷ ተለዋውጦ "ውኃዋ ፈሷል፣ ለብቻዬ አልችለውም። አዋላጇን አምጡ" አለች። አዋላጅ ነርሷ የምትኖረው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ደወልን፤ ይጠራል፣ አይነሳም። የሌሊሴ ባል ከጫንጮ በየደቂቃው ይደውላል፣ "እንዴት ሆነች? እንዴት ሆነች?" እያለ። የሺ ከሌሊሴ ጋር መቅረት አለባት። የቀረነው ሦስት ወንዶች ነን።

ጣልኩ። ሙህዲን አሥራ ሦስት። ኦቦ ቶሎሳ ሰባት። እኔ አንድ። አንድ! ከዚያ በታች ቁጥር የለም። ሲደመር ዘጠኝ፣ አሥር።

"ሰባት የኔ ነው" አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ሙህዲን "ኧረ ኦቦ፣ እኔ ልሂድ" ብሎ ተነሳ፤ "ዕጣ ዕጣ ነው፣ አንተ በሩን ጠብቅ" ብለው አስቀመጡት። ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ዱላቸውን አነሱ፣ ወጡ። እኔ? እኔ ቆሜ የስልኬን መስታወት በሸሚዜ እጠርግ ነበር።

ልክ ሲወጡ ከአስፋልቱ በኩል ሁለት ጊዜ ተተኮሰ። ሌሊሴ ከውስጥ "ያ ዋቃዮ!" ትላለች፣ አምላኳን እየጠራች። ሙህዲን "የሰባ ዓመት ሽማግሌ ልከን ቁጭ አልን" አለ ለራሱ። መጀመሪያ ሽንት ቤት ሄድኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ እንጂ። ስመለስ እግሬ ወደ ቤቴ ሊዞር ነበር፣ ግን የሌሊሴ ድምፅ እንደገና መጣ፤ ያቺ "አንድ" ደግሞ ስልኬ ላይ ቁልጭ ብላ ታየኛለች። ሙህዲን "ወዴት ነው?" እያለኝ በሩን ከፍቼ ሮጥኩ።

መንገዱ ጭር ብሏል። ውሾቹ እንኳ የሉም፤ ውሻ ባለመኖሩ የፈራሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል፣ ከድንጋዩ ኋላ ወጣቶች ቆመዋል። አንዱ "ኤሳ ዴምታ?" አለኝ፤ ወዴት ነህ ማለቱ ነው። ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ በደህና ቀን እናገራለሁም። ያን ጊዜ ግን ኦሮምኛዬም አማርኛዬም አብረው ጠፉ። አፌን ከፈትኩና ስምንት ወር የለመደው ነገር ወጣ፤ "በሰይፍ እለዋለሁ!"

ልጁ ጓደኞቹን ዞሮ አየ። "ምን አለ ይሄ?"

እዚያው ሙት ሙት አለኝ። ግራ ቀኝ ሳይ ኦቦ ቶሎሳ ከድንጋዩ አጠገብ ቆመው ከአንዱ ልጅ ጋር እየተጨዋወቱ ነው፤ የአባቱን ስም ጠርተው፣ የአያቱን ጠርተው፣ የላሞቹን ደህንነት እየጠየቁ። እኔን ሲያዩ "ኮቱ፣ ኢልመ ኮ!" አሉ፤ ና ልጄ። ከዚያ ለወጣቶቹ "ተዉት፣ የኔ ነው። ሲፈራ ይቀባጥራል" አሏቸው። ድንጋዩን ከፍተው አሳለፉን።

ማዶው ላይ ደግሞ መሣሪያ የታጠቁ የመንግሥት ሰዎች አሉ። "እጅ ወደ ላይ!" ተባልን። እኔ ገና ከቤት ስወጣ ጀምሮ ወደ ላይ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ሽማግሌው ዱላቸውን እንደያዙ እጃቸውን ሲያነሱ "ዱላውን ጣል!" ተባሉ። "ያለሱ አልሄድም፣ ጉልበቴ ነው" አሉ። "ጣል!" ጣሉት። ያን ጊዜ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ ቀስ ብዬ "ምጥ የያዛት አለች፣ አዋላጅ ልንጠራ ነው፣ እኔ እይዛቸዋለሁ" አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር፣ ግን ወጣ። አንደኛው ፊታችንን አየ፣ አየና "ቶሎ በሉ" አለ። ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ተነሳን።

የሳቸው ክብደት ነው መሰለኝ ያስለፈለፈኝ። "ኦቦ፣ ዕጣው የኔ ነበር" አልኩ።

"እንዴት?"

"የወጣልኝ አንድ ነው። ዘጠኙ ኔትወርክ አይደለም። ስልኬ ውስጥ ጨዋታ አለ፣ እዚያ ጀግና ነኝ፤ የጀግንነት ነጥቤ ነው የተደመረልኝ።"

ቆሙ። ይመቱኛል ብዬ አንገቴን ሰበርኩ፤ ዱላው እንደሌለ እንኳ ረስቼ። "የሺም የወጣችው በዚሁ ነው?" አሉ።

"ሁለቱን ቀን።"

"የኔን ተወው፣ ተከትለኸኝ መጥተሃል። የሷን ግን እኔ ይቅር የምለው አይደለም። ለራሷ ራስህ ትነግራታለህ" አሉ። እስከ አዋላጇ ቤት ድረስ ግን እጃቸው ከትከሻዬ አልተነሳም።

አዋላጇን ይዘን ተመለስን፤ ነጭ ገዋኗ ሲታይ መንገዱ ሁሉ በሁለቱም በኩል ተከፈተላት። ዱላው ከወደቀበት አልጠፋም፣ አነሳሁላቸው። ከቀትር በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች። የሺ እልል አለች፤ ሙህዲን ባልየውን በስልክ ሲያበስር እሱም አለቀሰ፣ ሙህዲንም አለቀሰ። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ ነበር።

ሌሊሴ አስጠራችኝ። "ያዛት፣ ዕድልህ ይጋባባት" ብላ አራስ ልጇን በእጄ አኖረች። ሕፃኗ አንድ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ጩኸቷን ለቀቀችው። ኦቦ ቶሎሳ ከጥግ ሆነው አሳሉ። የአለቃዬን ሳል ስፈራ የኖርኩት ሰውዬ ሳል ምን እንደሆነ ገና ያን ቀን አወቅሁ።

ያን ቀን ለየሺ አልነገርኳትም። አፌን ስከፍት "ሻይ ትጠጣለህ?" ትለኛለች፤ እጠጣለሁ። እንደገና ስከፍት ልጆቿ መጥተው ጭኔ ላይ ይወጣሉ። ማታ ብቻዬን ስሆን ግን ስልኬን ከፍቼ ከስሜ ሥር "ጭማሪ ነጥብ ሰርዝ" የሚለውን ነካሁ። ቦቱ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም፤ ግን "አዎ" አልኩት።

ጠዋት ሁሉም ተሰበሰበ፣ ጣልኩ። ሙህዲን አሥራ ስድስት። ኦቦ ቶሎሳ ዘጠኝ። የሺ ስምንት። እኔ ሦስት።

"ተበላሽቷል!" ብሎ ጮኸ ሙህዲን። "የሱ ሦስት አይሆንም! ድገመው!"

"አልደግምም" አልኩ።

የሺ ስልኩን ወደ ራሷ አዞረችና ለረጅም ጊዜ አየችው። ጉሊት ላይ ስንት ሰው በሚዛን ሊሸውዳት ሞክሮ ያፈረባት ሴት ናት። "ያ ዘጠኝ የት ሄደ?" አለች።

ኦቦ ቶሎሳ ዱላቸውን ተደግፈው እኔን ብቻ ያዩ ነበር። ማዶ ቆመው መሣሪያ የደገኑብን ሰዎች እንዲህ አላስፈሩኝም።

"ኔትወርክ አልነበረም፣ የሺ" አልኩ።

ጣቶቿን አወጣች። "የመጀመሪያው ቀን ሁለት" አለች፣ አንዱን አጠፈች። "በማግሥቱ አራት" አለች፣ አጠፈች። ሦስተኛውን ጣቷን ይዛ ቆየችና "ይሄኛው የራሴ ነበር" ብላ ለቀቀችው። ሙህዲን ገና አሁን ገብቶት "አዑዙ ቢላህ!" አለ።

"ስወጣ ልጄ በበሩ ሥር ተኝቶ እግሬን ያይ ነበር። አንተም ታየው ነበር" አለች የሺ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እንባዬ መጣ፣ እሷ ግን ሊያባብለኝ የሚችል ፊት አልነበራትም። ሄዳ ጀሪካኑንና ዘንቢሉን አመጣችና እግሬ ሥር አስቀመጠቻቸው።

"በል ስማ። እንደኔ በትልቁ በር እንዳትወጣ፣ በጀርባ በጎመኑ በኩል ውጣ። ቆርቆሮ አጥሩ ጋ ስትደርስ ጎንበስ በል፣ እዚያ ከአስፋልቱ ትታያለህ። ባለ ቢጫ በሩ ቤት ውሻ ይጮሃል እንጂ ታስሯል፣ አትሩጥ። ተኩስ ከሰማህ ቦዩ ውስጥ ተኛ፣ ደረቅ ነው። ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ በጓሮ መስኮቱን ሁለት ጊዜ አንኳኳ፣ ይሰጡሃል።"

እኔ ስምንት ወር ሙሉ በስልክ ዋሻ ውስጥ ስዋጋ እሷ ይሄን ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ በደረቷ እየተሳበች ተምራዋለች። ጀሪካኑን አነሳሁ። የጎመኑ መደብ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠራችኝ።

"ዳቦ ቤት ስትደርስ ደውልልኝ!"

"ኔትወርክ ካለ" ልል አፌን ከፍቼ፣ መልሼ ዘጋሁት።